21 መድፍና አንድ የዞረ ጀርባ

ባለፈው እትም የእንግሊዙ ንጉሥ ጆርጅ አምስተኛ በ1911 ዴልሂ ላይ፣ ደርባር በሚባለው የንግሥና በዓል፣ ዘውድ ደፍቶ ከነሚስቱ የተቀመጠበትን ፎቶ ካወጣን ወዲህ የጥያቄ ሳጥናችን ሞልቷል። አንዱ "ይሄ ሰርግ ነው መንግሥት?" ብሎ አሹፏል፣ ሌሎቹ ደሞ ከልባቸው ነው የጠየቁት፣ የሚመሳሰሉትን አንድ ላይ ጨፍልቄ ለመመለስ ሞክሬያለሁ። ዓመቶቹ በሙሉ በፈረንጅ ናቸው፣ እንዳትደናገሩ።

ጥያቄ፦ የ11ኛ ክፍል ተማሪ ነኝ። ደርባር የሚለው ቃል የእንግሊዝ አይመስልም። ታዲያ እንግሊዞቹ የራሳቸውን በዓል ለምን በሰው ቃል ጠሩት? ደሞ ስንት ጊዜ ነው የተደረገው?

ቃሉ የፋርስ ነው ወንድሜ፣ የሙጋል ነገሥታት ህንድን ሲገዙ የተጠቀሙበት፣ ደርባር ማለት የንጉሡ አደባባይ ወይም ግብር ቤት በለው፣ ንጉሡ ተቀምጦ ባለሟሎቹ እንደየማዕረጋቸው ፊቱ የሚቆሙበት። እዛ ፊት የሚቀርብ ሰው ባዶ እጁን አይቀርብም፣ ናዝር የሚባል የወርቅ ሳንቲም ያቀርባል፣ ንጉሡ ደሞ ኪላት የሚባል ልብስ ያለብሰዋል፣ እኛ ካባ መሸለም ከምንለው ብዙም አይርቅም። ልብሱ የንጉሡን ገላ እንደነካ ነው የሚቆጠረው፣ ስለዚህ የለበሰው ሰውዬ ከዛ በኋላ የንጉሡ አካል ሆነ ማለት ነው። ነገርዬው ጠለቅ ያለ ነው።

ህንድን ቀስ በቀስ የያዘው የእንግሊዝ የንግድ ድርጅት፣ የኢስት ኢንዲያ ካምፓኒ፣ ሰዎች ግን ነጋዴዎች ናቸውና ይሄን ሲያዩ የገባቸው በነጋዴ ዓይን ነው፣ "ይሄን ያህል ሳንቲም ሰጠን፣ ይሄን ያህል የሚያወጣ ልብስ ወሰድን" ብለው በመዝገብ ያሰፍሩት ነበር፣ እነሱ ራሳቸው ሲሸለሙ ደሞ ስጦታውን ቶሻካና የሚባል ዕቃ ቤት ያስገቡና ለሌላ መስፍን መልሰው በስጦታ ይሰጡታል። የአንዱ ካባ ዞሮ የሌላው ካባ! ለሙጋሎቹ ይሄ ምን ያህል ነውር እንደሆነ አስበው።

ከዛ 1857 መጣ፣ የካምፓኒው ህንዳዊ ወታደር አመፀ፣ አመፁ በብዙ ደም ከታፈነ በኋላ የመጨረሻው ሙጋል ባሃዱር ሻህ ዛፋር ከ80 ዓመት በላይ የሆነው ሽማግሌ ባለቅኔ፣ በ1858 ቀይ ምሽግ በሚባለው በገዛ ቤተ መንግሥቱ ውስጥ ለፍርድ ቀረበና ወደ ራንጉን ተጋዘ፣ በ1862 እዛው ሞተ። በዛው በ1858 ህንድ ከካምፓኒው እጅ ወጥታ በቀጥታ ለእንግሊዝ ዘውድ ገባች። እንግዲህ ዙፋኑ ባዶ ሆነ፣ ሕዝቡ ግን ዙፋን ማየት ለምዷል። እንግሊዞቹ ያንን ባዶ ቦታ በራሳቸው ሰው ሊሞሉት ሲፈልጉ የራሳቸውን ሥርዓት ብቻ ይዘው ቢመጡ የሚገባው ሰው የለም፣ ስለዚህ ቃሉን ወሰዱ፣ ቦታውንም ወሰዱ። ዋና ከተማቸው እኮ ያኔ ካልካታ ነበር፣ በዓሉን ግን ካልካታ ላይ አላደረጉትም፣ ሙጋሎቹ በነገሡባትና አመፁ በነደደባት ዴልሂ ላይ ነው ያደረጉት።

ስሙ ላይም ብዙ ተጨንቀዋል። በ1876 ዲዝራኤሊ ጠቅላይ ሚኒስትር እያለ ፓርላማው ለንግሥት ቪክቶሪያ የህንድ ንግሥተ ነገሥታት የሚል ማዕረግ በሕግ ፈቀደላት፣ ብዙ እንግሊዛዊ "ይሄ የኛ ባህል አይደለም" ብሎ እየተቃወመ። በህንድኛ ምን እንበላት ሲባል ላይትነር የሚባል ላሆር ይኖር የነበረ የቋንቋ ምሁር ካይሳር-ኢ-ሂንድ የሚለውን አመጣ። ካይሳር ያው የኛ ቄሳር ነው፣ እዛም ሙስሊሙ ሂንዱውም ሰምቶት ያውቃል፣ ሙጋሎቹ ግን ራሳቸውን በዚህ ስም ጠርተው ስለማያውቁ የማንም አሻራ የለበትም። ጎበዝ ናቸው መቼም።

ሦስት ጊዜ ነው የተደረገው፦ በ1877 ቪክቶሪያ ማዕረጉን ስታገኝ፣ በ1903 ለኤድዋርድ ሰባተኛ ንግሥና፣ በ1911 ደሞ ለጆርጅ አምስተኛ። ንጉሡ ራሱ በአካል የመጣው በሦስተኛው ብቻ ነው።

ጥያቄ፦ የመጀመሪያው ድግስ የተደገሰው ሰው በረሃብ እያለቀ ነው የሚባለው እውነት ነው ወይስ የፖለቲካ ወሬ?

እውነት ነው። ጃንዋሪ 1 ቀን 1877 ዴልሂ ላይ መለከት ሲነፋ ደቡብ ህንድ፣ ማድራስና ማይሶር አካባቢ፣ ዝናብ ጠፍቶ ረሃቡ ጠንቶ ነበር፣ እስከ 1878 ሲቆይ ከ5 ሚሊዮን በላይ ሕዝብ ፈጅቷል። የወቅቱ እንደራሴ ሎርድ ሊተን ደርባሩን ልሰርዘው ወይ ላሳንሰው አላለም። በዓሉ እንዳበቃ ወዲያው ሰር ሪቻርድ ቴምፕል የሚባለውን ባለሥልጣን ወደ ማድራስ ላከው፣ ሰውዬው እዛ ደርሶ ያደረገው ነገር ቢኖር ለዕርዳታ ሥራ የወጣውን ረሃብተኛ የቀን ድርሻ ወደ ግማሽ ኪሎ ገደማ እህል መቀነስ ነው፣ ያውም ቀኑን ሙሉ መንገድና ቦይ ሲቆፍር ለሚውል ሰው። እህሉ በዛን ጊዜ በመርከብ እየተጫነ ከአገር ይወጣ ነበር።

እስቲ ደሞ ዴልሂ ላይ ገንዘቡ ምን ላይ እንደዋለ እንይ። ሊተን የድሮውን ሳንቲምና ካባ መለዋወጥ ትቶ ለእያንዳንዱ መስፍን አንድ አንድ ባንዲራና የወርቅ ሜዳልያ ለመስጠት ወሰነ። ባንዲራዎቹን የነደፈው ሎክውድ ኪፕሊንግ ነው፣ የጸሐፊው የረድያርድ ኪፕሊንግ አባት፣ የሐር ጨርቅ ላይ የአውሮፓ ባላባቶች ዓይነት አርማ የተጠለፈበት፣ እንጨቱና ነሐሱ ከመክበዱ የተነሳ አንዱን ለማንሳት ሁለት ፈርጣማ የስኮትላንድ ወታደሮች ያስፈልጉ ነበር። አስቡት፣ ዘሩን እስከ ፀሐይና ጨረቃ የሚቆጥር የራጅፑት መስፍን ነው፣ ፈረንጅ ቁጭ ብሎ "ያንተ የቤተሰብ አርማ ይሄ ነው" ብሎ ሲሰጠው። ባንዲራውን ከንግሥቲቱ ስም ጋር እያገናኘ ንግግር ያደርግለታል፣ ቀጥሎ ሜዳልያውን አንገቱ ላይ ያጠልቅለታል። ድሮ ካባ የተቀበለ ሰው የንጉሡ አካል ይሆን ነበር አልን አይደል? አሁን ሜዳልያ የተቀበለ ሰው ተቀባይ ብቻ ነው። እኔ በበኩሌ ከሦስቱም ደርባር ውስጥ ትልቁ ለውጥ ይሄ ይመስለኛል፣ ዝሆኑም መድፉም አይደለም።

አዋጁን ያነበበው መኮንን የተመረጠው በቁመቱ ነው፣ ህንድ ካለው የእንግሊዝ ጦር ውስጥ ከእሱ የሚረዝም የለም ይባልለት ነበር። 63 ገዢዎች በግማሽ ክብ ዳስ ውስጥ ተደርድረው አዳመጡ። ከዛ ወታደሩ የደስታ ተኩስ ሲተኩስ ዝሆኖቹ ደነበሩና ሰልፉ ተተራመሰ፣ ልምምድ የማይሰራላቸው እነሱ ብቻ ነበሩ።

አንድ ሰው ደሞ አለ ስሙን ሳልጠቅስ የማላልፈው። ጋኔሽ ቫሱዴኦ ጆሺ ይባላል፣ ከፑና ነው የመጣው፣ ሳርቫጃኒክ ሳባ የሚባለውን የሕዝብ ማህበር ወክሎ። ያ ሁሉ ሐርና ዕንቁ በሚያብረቀርቅበት መሀል ሰውዬው በእጅ ተፈትሎ በእጅ የተሸመነ ነጭ ልብስ ለብሶ መጣና ጽሑፍ አቀረበ፣ ጽሑፉ በትህትና ነው የተጻፈው፣ ግርማዊት ሆይ ምናምን ይላል፣ የሚጠይቀው ግን ለህንዶች ልክ እንደ እንግሊዛዊ ዜጎቿ እኩል የፖለቲካና የማህበራዊ ደረጃ ይሰጣቸው ነው። ጋንዲ በጥጥ ልብሱ ከመታወቁ አርባ ዓመት በላይ ቀድሞ መሆኑ ነው።

ጥያቄ፦ መድፍ ሲተኮስ ቁጥሩ ለምን ይለያያል? 21 መድፍ የተተኮሰለትና 11 የተተኮሰለት ልዩነቱ ጩኸቱ ብቻ ነው እንዴ?

ጩኸቱስ ባልከፋ! እዚህ ጋ ትንሽ ላውራ፣ የምወደው ርዕስ ስለሆነ።

ህንድ ውስጥ እንግሊዝ በቀጥታ የማያስተዳድራቸው፣ መሐራጃ፣ ናዋብ፣ ኒዛም የሚባሉ የራሳቸው ገዢዎች ያሏቸው ግዛቶች ነበሩ፣ ከ560 ያላነሱ። አንዳንዱ የአውሮፓ አገር ያክላል፣ አንዳንዱ ደሞ ጥቂት መንደር ነው፣ ሁሉም ግን ንጉሥ ነኝ ባይ ነው። ይሄን ሁሉ ባለዘውድ በጦር መጠበቅ ውድ ነው፣ በወረፋ መጠበቅ ግን ርካሽ ነው። ስለዚህ እንግሊዞቹ ለየትኛው ገዢ ስንት የክብር መድፍ እንደሚተኮስ የሚወስን ሰንጠረዥ ሰሩ። ከላይ 21 መድፍ፣ ቀጥሎ 19፣ 17፣ 15፣ 13፣ 11፣ መጨረሻ 9፣ ሁሌም ጎዶሎ ቁጥር። ሰንጠረዡ ውስጥ መግባት የቻሉት 120 ገደማ ግዛቶች ብቻ ናቸው፣ የተቀሩት አንድም ጥይት አይተኮስላቸውም። ለረጅም ጊዜ 21 የሚተኮስላቸው ሦስት ብቻ ነበሩ፦ የሃይደራባዱ ኒዛም፣ የማይሶሩና የባሮዳው መሐራጃ። ቆይቶ ካሽሚርና ግዋሊዮር ተጨመሩ። ለእንደራሴው 31፣ ለንጉሠ ነገሥቱ 101። ስለዚህ ከመሐራጆቹ የበላዩ እንኳ ከእንግሊዙ ሹመኛ 10 መድፍ ያንሳል፣ በየባቡር ጣቢያውና በየወደቡ እንግዳ ሲገባ አገሩ ሁሉ ጆሮውን ቀስሮ ይቆጥራል።

ተንኮሉ ቁጥሩ የማይንቀሳቀስ አለመሆኑ ላይ ነው። ለግዛቱ የሚተኮሰው ሌላ፣ ለገዢው በግሉ እድሜ ልኩን ብቻ የሚጨመርለት ሌላ፣ በገዛ ግዛቱ ውስጥ ብቻ የሚተኮስለት ሌላ። ጥሩ ከሆነ፣ በጦርነት ወታደር ካዋጣ፣ ሁለት ይጨመርለታል። ካጠፋ ይቀነስበታል። ልጁ ሲወርስ የአባቱ ጭማሪ ይወርድና እንደገና ከታች ጀምሮ "ታማኝ ነኝ" ሲል ይኖራል። ከጎረቤቱ ጋር ተባብሮ በእንግሊዝ ላይ ይነሳ የነበረው መስፍን አሁን ከጎረቤቱ ጋር የሚጣላው "እሱ 17 እኔ 15 ለምን?" ብሎ ነው። በደርባር ላይ ደሞ ይሄ ሁሉ ወደ ወንበር ይለወጣል፣ ማን ከማን ቀድሞ ይገባል፣ ማን ለማን እስከየት ድረስ ወጥቶ ይቀበላል፣ ሚለካው በእርምጃ ነው፣ የምሬን ነው፣ እንደራሴው ከምንጣፉ ጫፍ ተነስቶ ይቀበለው ወይስ ከወንበሩ ብድግ ብቻ ይበል የሚለው በደብዳቤ ይጻጻፉበት ነበር።

የቦፓል ገዢዋ ሱልጣን ጃሃን ቤገም 19 መድፍ ነበራት፣ በ1911 ከዛ ሁሉ ጢማም መሀል ብቸኛዋ ሴት ገዢ ነበረች፣ ከራስ እስከ እግር ጥፍሯ በቡርቃ ተሸፍና መጥታ እጅ ነሳች። ሁሉም ሰው ለመታየት በመጣበት ቀን ሳትታይ የዋለች እሷ ብቻ ናት።

ጥያቄ፦ ሎርድ ከርዘን ያዘጋጀው የ1903ቱ ከሁሉም የበለጠ ነበር ይባላል። እውነት ነው?

በዝሆን ከሆነ የሚለካው፣ አዎ። ያኔ የህንድ እንደራሴ የነበረው ከርዘን ዝርዝር የሚወድ ሰው ነበር፣ የድንኳኑን አቀማመጥ፣ የዳሱን ቅርጽ፣ የባቡሩን ሐዲድ፣ መዝሙሩን ሳይቀር ራሱ ነው የሚመርጠው። አንድ በእንግሊዝ ቤተ ክርስቲያን የሚወደድ መዝሙር ከፕሮግራሙ ያስወጣው ውስጡ ዘውድና ዙፋን እንደሚያልፍ የሚናገር ስንኝ ስላለበት ነው ይባላል፣ ሰውዬው እንደዚህ ነው የሚያስበው። ሚስቱ የለበሰችው የፒኮክ ላባ ቅርጽ ያለው ቀሚስ የዴልሂ ጠላፊዎች በወርቅና በብር ክር የሰሩት ነው፣ የላባው ዓይን ላይ የሚያብለጨልጨው አረንጓዴ ነገር ዕንቁ ሳይሆን የጢንዚዛ ክንፍ ነው። ንጉሡ ራሱ ሳይመጣ ወንድሙን የኮኖትን መስፍን ስለላከ ግን ሰዉ "ይሄ የኤድዋርድ ንግሥና ነው የከርዘን?" እያለ ይቀልድበት ነበር።

እኔ ግን ከ1903 የማስታውሰው ሌላ ነገር ነው። ከደርባሩ አንድ ዓመት ቀደም ብሎ በ1902 ሲያልኮት ላይ ዘጠነኛው ላንሰር የሚባለው ዝነኛ ፈረሰኛ ክፍለ ጦር እንደገባ ወታደሮቹ አንድ ህንዳዊ ወጥ ሰሪ ይደበድባሉ፣ ሰውዬው ይሞታል፣ ክፍለ ጦሩ ገዳዩን ደብቆ "አናውቅም" ይላል። ከርዘን፣ ያ ኩሩ ከርዘን፣ ይሄን አልዋጥ አለውና ክፍለ ጦሩን በሙሉ ቀጣ፣ የመኮንኖቹን ፈቃድ ሰረዘ። እንግሊዛዊው ማህበረሰብ በአንድ "ኔቲቭ" ምክንያት ነው ወይ ብሎ አኮረፈ። ከዛ በደርባሩ የጦር ሰልፍ ላይ ዘጠነኛው ላንሰር በፈረስ ሲያልፍ የተጋበዘው ፈረንጅ ሁሉ፣ የከርዘን የገዛ እንግዶች ሳይቀሩ፣ ብድግ ብሎ አጨበጨበላቸው። ከርዘን ፈረሱ ላይ ተቀምጦ ያያል። ራሱ በሠራው ሜዳ፣ ራሱ በጋበዛቸው ሰዎች ፊት፣ ጭብጨባው እሱን ለመስደብ ነው። ንጉሥ ቢቀርም መልእክቱ አልቀረም፣ ህንዳዊ ወጥ ሰሪ ምን ያህል እንደሚመዘን ሜዳው ላይ ተነገረ።

ጥያቄ፦ ዩቲዩብ ላይ አንድ መሐራጃ ለንጉሡ ጀርባውን ሲሰጥ የሚያሳይ አሮጌ ቪዲዮ አየሁ። ያን ያህል ትልቅ ነገር ነበር እንዴ? ዞሮ መሄድ እኮ ነው።

ዞሮ መሄድ ነው፣ ልክ ብለሻል እህቴ፣ ጉዱም እዛ ላይ ነው።

ቀኑ ታህሳስ ላይ ነው፣ ዲሴምበር 12 ቀን 1911። መሐራጆቹ በመድፍ ቅደም ተከተላቸው አንድ በአንድ ወደ ዙፋኑ ይሄዳሉ፣ የታዘዘው ጎንበስ ብሎ እጅ መንሳት፣ ከዛ ፊትን ከንጉሡ ሳያዞሩ ወደ ኋላ ወደ ኋላ እየተራመዱ መውጣት ነው፣ በዛ ረጅም ካባ ለብሶ ወደ ኋላ መሄድ እንዴት እንደሚያስቸግር መቼም ካባ የለበሰ ያውቀዋል። ሁሉም ከነጌጡ ከነሰይፉ ነው የመጣው። መጀመሪያ የሃይደራባዱ ኒዛም ሄደ። ሁለተኛው የባሮዳው ሳያጂራኦ ሦስተኛ ነው፣ ነጭ ልብስ ለብሶ፣ ሌሎቹ ከደረደሩት ዕንቁ ብዙውን ሳያደርግ፣ እጁ ላይ ከዘራ ይዞ። ንጉሡ ፊት ደርሶ አንዴ ጎንበስ አለ፣ ከዛ ዞረ፣ ጀርባውን ለንጉሠ ነገሥቱ ሰጥቶ ከዘራውን እያወዛወዘ ሄደ። ጥቂት ሰከንድ ናት በሙሉ።

ያኔ ደሞ አዲሱ ነገር ፊልም ነበር፣ ካሜራዎቹ የተተከሉት ግርማውን ለዓለም ለማሳየት ነው፣ እንግዲህ ግርማውን ሲያሳዩ ጀርባውንም አሳዩ። ለንደን ላይ ጋዜጦች ጮሁ፣ ክህደት ነው፣ አመፀኞችን ይደግፋል፣ ዙፋኑ ይነጠቅ ምናምን። ሳያጂራኦ ለእንደራሴው ለሎርድ ሃርዲንጅ የይቅርታ ደብዳቤ ጻፈ፣ ደንግጬ ነው፣ ግራ ተጋብቼ ነው የሚል፣ ደብዳቤውም ጋዜጣ ላይ ወጣ።

ሰውዬው ማን ነው ካልሽ፣ በግዛቱ የመጀመሪያ ደረጃ ትምህርትን በ1906 አስገዳጅ ያደረገ፣ ያኔ እንግሊዝ በምታስተዳድረው ህንድ እንደዛ የሚባል ነገር አልነበረም፣ ኋላም በ1913 ቢምራኦ አምቤድካር የሚባል ከማይነኩ ከሚባሉት ወገን የተወለደ ድሃ ተማሪ ኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲ እንዲማር ወጪውን የሸፈነ ነው፣ የነጻይቱ ህንድ ሕገ መንግሥት ሲረቀቅ የአርቃቂው ኮሚቴ ሊቀመንበር የሆነው ያ ልጅ ነው። እንዲህ ዓይነት ሰው ወደ ኋላ መራመድ ጠፍቶት ነው የዞረው ብሎ ማመን እኔን ይከብደኛል። ግን ይሁን፣ ደንግጦ ነው እንበል፣ መድፍ፣ መርከብና 300 ሚሊዮን ሕዝብ ያለው ግዛት በአንድ ሰው ጀርባ እንዲህ ከተንቀጠቀጠ ችግሩ ከሰውዬው አይደለም። መግዛትህን በአካሄድና በአጎንባበስ የምታሳይ ከሆነ፣ አካሄዱ የተበላሸ ቀን ሌላ የምታሳየው ነገር የለህም።

ጥያቄ፦ ንጉሡ ዴልሂ ሲገባ ሕዝቡ አላወቀውም የሚባለው ቀልድ ነው አይደል? ደሞ ዋና ከተማ መቀየርን የሚያክል ነገር በድግስ መሀል እንዴት ይታወጃል?

ቀልድ ይመስላል ግን ሆኗል። ዲሴምበር 7 ሕዝቡ ንጉሠ ነገሥት በዝሆን ይመጣል ብሎ ሲጠብቅ ጆርጅ በፈረስ ልግባ አለ፣ የፊልድ ማርሻል ዩኒፎርም ለብሶ፣ ራሱ ላይ ባርኔጣ አድርጎ፣ በብዙ ተመሳሳይ መኮንኖች ተከቦ። በመንገዱ ዳር ሰዓታት የቆመው ሰው "ንጉሡ የታል? ገና ነው?" እያለ አለፈው። ጉድ እኮ ነው፣ ያ ሁሉ ዝግጅት ሰውዬው እንዲታይ ነው፣ ሰውዬው አልፎ ሄደ ማንም አላየውም። አዘጋጆቹም ሳይገባቸው አልቀረም፣ ዲሴምበር 13 ቀን ንጉሡና ንግሥቲቱ ዘውድና ካባቸውን አድርገው በቀይ ምሽጉ ሰገነት ላይ ተቀመጡ፣ ጃሮካ ይባላል፣ ሙጋሎቹ በየጠዋቱ ለሕዝብ ይታዩበት የነበረው ያ ሰገነት ነው፣ ከስር በመቶ ሺዎች የሚቆጠር ሰው እየተግተለተለ አለፈ። ከዛው ግቢ ከ53 ዓመት በፊት ሽማግሌውን ባሃዱር ሻህን ፈርደውበት አውጥተውታል።

የዋና ከተማው ነገር ደሞ በጥቂት ሰዎች መሀል የተያዘ ምስጢር ነበር፣ በዓሉ ሊያልቅ ሲል ንጉሡ ተነስቶ ዋና ከተማው ከካልካታ ወደ ዴልሂ እንደሚዛወር፣ በ1905 ከርዘን ለሁለት የከፈላት ቤንጋልም እንደገና እንደምትዋሃድ አወጀ። ይሄ ልግስና ተብሎ ነው የቀረበው። የቤንጋል ሰው ግን መከፈሉን በመቃወም የእንግሊዝን ጨርቅ እያቃጠለ፣ ሱቅ እየከለከለ፣ ቦምብም እየወረወረ ስድስት ዓመት ታግሏል፣ መንግሥት ተሸንፌ ነው ከሚል ንጉሥ ሰጣችሁ ቢባል ይቀለዋል፣ ስለዚህ ድግሱ መሀል መታወጁ አጋጣሚ አይደለም። ካልካታን መልቀቅም ያው ከእሳቱ ራቅ ማለት ነው።

እሳቱ ግን ተከተላቸው። ልክ በዓመቱ ዲሴምበር 23 ቀን 1912 ሃርዲንጅ አዲሲቱን ዋና ከተማ በይፋ ሲረከብ፣ በዝሆን ላይ ሆኖ በቻንድኒ ቾክ ገበያ ሲያልፍ ከሕንጻ ላይ ቦምብ ተወረወረበት። እሱ ክፉኛ ቆሰለ፣ ከኋላው የክብሩን ጥላ የያዘለት አገልጋይ ሞተ። ባለሥልጣኑን ከሩቅ ለይቶ የሚያሳይ ዝሆንና ድባብ እኮ ለቦምብ ወርዋሪም ያሳያል። የጠንሳሾቹ አለቃ ራሽ ቤሃሪ ቦዝ አመለጠ፣ በ1915 ጃፓን ገባ።

ከዛ በኋላ ደርባር የለም። በ1921 የዌልስ ልዑል ህንድን ሲጎበኝ የነጋንዲ ጥሪ ተሰምቶ ብዙ ከተማ ሱቁን ዘግቶ ጠበቀው፣ ቦምቤይ ላይ ብጥብጥ ተነሳ፣ በ1930ዎቹ መጨረሻ ለጆርጅ ስድስተኛ ይደረጋል ተብሎ የታሰበውም ተራዝሞ ተራዝሞ ቀረ። ንጉሡ በ1911 የመሠረት ድንጋይ የጣለላት አዲስ ዴልሂ ድንጋዮቹ ራሱ ከቦታቸው ተነስተው ወደ ራይሲና ኮረብታ ተወስደው፣ በ1931 ተመረቀች፣ እንግሊዞቹ ሙሉ በሙሉ የኖሩባት 16 ዓመት ብቻ ነው።

ጥያቄ፦ ፎቶው ላይ ያለው ዘውድ አሁን የት ነው? ወጪውንስ ማን ቻለ?

አጭር ነው ይሄ። የእንግሊዝ ነገሥታት ዋናው ዘውድ ከአገር እንዳይወጣ ሕግ ይከለክል ስለነበር ለዴልሂው ጉዞ ብቻ ጋራርድ የሚባለው የለንደን ጌጥ ሰሪ አዲስ ዘውድ ሰራ፣ ከ6,000 በላይ አልማዝ ያለበት፣ ክብደቱ ወደ አንድ ኪሎ የሚጠጋ። ዋጋው 60,000 ፓውንድ ነበር፣ የከፈለችው ህንድ ናት። ጆርጅ የዛን ቀን ማታ ማስታወሻው ላይ ደክሞት እንደዋለና ዘውዱ ከብዶት ራሱን እንዳመመው ጽፏል። ከዛ ጉዞ ወዲህ ማንም ንጉሥ ደፍቶት አያውቅም። ለንደን ግንብ ውስጥ መስታወት ስር ተቀምጧል፣ ቲኬት ቆርጦ ማየት ይቻላል።